የድሮ ሞተር ሳይክል ክሮም ዕቃዎችን ለቀለም ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክሮሙ የደከመ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ማኑብሪ (መሪ)፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ወይም የመብራት ቀለበት ቀለም ለመቀባት ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ክሮም ላይ በቀጥታ ቀለም ብቀባ ምን ይሆናል?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያምራል። ከዚያ አንድ ጠጠር ያረፈበት ቦታ ይሰነጠቅና በጥፍር ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል። ክሮም በጣም ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ ቀለም የሚቆናጠጠው ጭረት የለውም። በዚያ ላይ አየር ሲነካው ራሱን በስስ ኦክሳይድ ይሸፍናል፤ ይህ ሽፋን አብዛኛውን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት) አያስጠጋም። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ውዱም ርካሹም ያልተፈገፈገ ክሮም ላይ እኩል ይላጣል።

ታዲያ ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ማስነሳት ግድ ነው?

አይደለም። ከብረቱ ጋር በደንብ የተያያዘ ክሮም በአግባቡ ከተፈገፈገ ለቀለም ጥሩ መሠረት ነው። መነሳት ያለበት የለቀቀው፣ የተላጠውና ከሥሩ ዝገት የገባበት ብቻ ነው።

የሽፋኑን አሠራር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሚያብረቀርቀው ክሮም ራሱ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) በታች ነው። ከሥሩ ያለው ኒኬል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንዳንድ ዕቃ ላይ ደግሞ ከኒኬሉ ሥር መዳብ አለ። ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች አልፎ ብረቱ ጋ ሲደርስ ዝገት ይጀምርና እየሰፋ ኒኬሉን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ላይ ላዩን የመርፌ ጫፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ ከሥሯ ሰፊ ጉዳት ልትደብቅ ትችላለች።

ጤነኛውን ከታመመው ለመለየት በተጠራጠሩበት ቦታ ላይ ጠንካራ ቴፕ በደንብ ተጭነው ይለጥፉና በአንድ ጊዜ ይንቀሉት። ከዚያ በጩቤ ጫፍ ጠርዙን ከሥር ለማንሳት ይሞክሩ። ቅርፊት ሆኖ ከተነሳ መቆየት የለበትም። ከዕቃው ግማሽ በላይ እንዲህ የሚነሳ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ከመድከም ሙሉ በሙሉ ማስነሳት ይቀላል።

ዕቃው ከምን እንደተሠራ እንዴት አውቃለሁ?

በማግኔት። አጥብቆ ከያዘ ብረት ነው፤ ሆንዳ ሲጂ125ን በመሳሰሉ የድሮ ሞተሮች ላይ ያሉት የክሮም ፓራፋንጎዎች፣ ማኑብሪና ማርሚታ (የጢስ ማውጫ) እንዲህ ናቸው። ማግኔቱ ካልያዘ ወይም ደከም አድርጎ ከያዘና ዕቃው ከባድ ከሆነ በቅርጽ የፈሰሰ ዚንክ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ አርማዎችና አንዳንድ የታንከር ክዳኖች ከዚህ ይሠራሉ። ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ በጥፍር ሲመታ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ፕላስቲክ ነው።

ይህን ሳያውቁ ምንም ኬሚካል አይንኩ። ዚንክን አሲድም ኮስቲክ ሶዳም ይበላዋል፤ ብረትን ምንም የማያደርግ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን በደቂቃዎች ያበላሻል።

ለሥራው ምን ያህል ዕቃ ልግዛ?

ለሁለት ፓራፋንጎ በውስጥም በውጭም፣ ለአንድ ማኑብሪና ለአንድ የመብራት ቀለበት ከነማጠንከሪያው (ሲደባለቅ ከሚያደርቀው ሁለተኛ ክፍል ጋር) ግማሽ ሊትር ያህል ኢፖክሲ ፕራይመር ለሁለት ዙር ይበቃል። ስስና ክብ ዕቃ ሲረጭ ብዙ ቀለም አየር ላይ ስለሚቀር ከዚህ በታች ባይገዙ ጥሩ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ግን ከገመቱት እጥፍ ይግዙ። ክሮም ወረቀትን በፍጥነት ይበላል፤ የደነዘዘ ወረቀት ደግሞ ይወለውላል እንጂ አይጭርም። ቁጥር 120፣ 180 እና 320 በቂ ናቸው፤ ለውሃ የሚሆነው ጥቁሩ ዓይነት ይሁን።

ከዚህ ሌላ የሰምና የቅባት ማስለቀቂያ፣ የማይበተን ንጹሕ ጨርቅ፣ የናይትራይል ጓንት፣ የአቧራ ማስክ፣ ለመርጨት ደግሞ ባለ ካርቦን ማጣሪያ ማስክ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ማጠብ ነው ወይስ መፈግፈግ?

ማጠብ። ዕድሜ ልኩን በክሮም ማወልወያና በሲሊኮን ሲታሽ የኖረ ዕቃ ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው።

በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በብሩሽ ይጠቡ፤ የፓራፋንጎውን የታጠፈ ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹን አይርሱ። ከደረቀ በኋላ የቅባት ማስለቀቂያውን በአንድ ጨርቅ ቀብተው ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሱት። በአንድ ጨርቅ ብቻ ማሸት ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው። ቤንዚን ለዚህ አይሆንም፤ ሲተን የራሱን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ እሳቱም ለብቻው አደጋ ነው።

መጽዳቱን ለማረጋገጥ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው ሳይቋረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከወረደ ንጹሕ ነው። ተሰባስቦ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለና እንደገና ይጠቡ። ይህን ሙከራ ከመፈግፈጉ በፊትም በኋላም ያድርጉት።

በስንት ቁጥር ወረቀት ልፈግፍግ? በቃ የሚባለውስ መቼ ነው?

በ120 ወይም በ180 ይጀምሩ፣ በ320 ይጨርሱ። በ400 እና በ600 መጀመር የተለመደ ስህተት ነው፤ እነዚህ የቆየ ቀለም ላይ ይሠራሉ እንጂ ክሮም ላይ ብዥታ ብቻ ይፈጥራሉ። ሰፊ ቦታ ላይ ኦርቢታል ሳንደር (እየዞረ የሚፈገፍግ ማሽን) ጊዜ ይቆጥባል፤ ጠርዝና እጥፋት ላይ ግን በእጅ ነው።

መለኪያው አንድ ነው፦ ዕቃውን ከፀሐይ ወይም ከአምፖል በታች ሲያዞሩት አንድም ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ እንዳይኖር። ሁሉም ድብዝዝ ያለ ግራጫ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሱት የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ፣ የማኑብሪው እጥፋት ውስጠኛ ክፍልና የፓራፋንጎው ጫፍ ናቸው፤ ቀለም መላጥ የሚጀምረውም ከእነዚሁ ነው።

በውሃ እያረጠቡ ይሥሩ። አቧራው ክሮምና ኒኬል አለበት፤ ኒኬል ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ ለሳንባም አይበጅም። በግራይንደር በደረቁ መግፈፍ ፈጣን ቢመስልም አቧራውን ቤቱን ሙሉ ይበትናል፣ ቀጭኑን ቆርቆሮም በሙቀት ያጣምማል።

የተላጠው ቦታ ጠርዝ ከቀለም በኋላ መስመር ሆኖ ይታያል። እንዴት ላጥፋው?

መጀመሪያ የለቀቀውን በሙሉ በስለት ያንሱ፤ እስከማይነሳበት ድረስ ይከተሉት። ብዙ ሰው «ቀዳዳውን እንዳላሰፋ» ብሎ እዚህ ላይ ይሰስታል፤ የተረፈችው ለቃቃ ጠርዝ ግን ነገ ቀለሙን ይዛ ትነሳለች።

ከዚያ ጠርዙን በ120 ማሳሳት ነው። በትክክል ሲሄድ ቀለማቸው የተለያየ ቀለበቶች ይታያሉ፦ ከውጭ ሰማያዊ የሚያጠቃው ክሮም፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኒኬል፣ መዳብ ካለው ቀይ መስመር፣ መሐል ላይ ግራጫው ብረት። የኒኬሉ ቀለበት ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እስኪሰፋ ያሳሱት። ቀለበቱ እንደ ክር ከቀጠነ ጠርዙ ገና ገደል ነው ማለት ነው። ዓይን ጨፍኖ በጣት ጫፍ መዳበስ ከዓይን የተሻለ ይፈርዳል።

ለማረጋገጥ ከመጀመሪያው ፕራይመር በኋላ ጥቁር ስፕሬይ በጣም ስስ አድርገው ይርጩና በ320 ቀለል አድርገው ይፈግፍጉ። ጥቁሩ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው።

ዝገት ጉድጓድ ሠርቷል። ዝገት ገዳይ ቀብቼ ብቀጥል ይበቃል?

ላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በወረቀት ካላነሱ ምንም ፈሳሽ አያድነውም። ጉድጓዱ ውስጥ ለቀረው ጥቁር ነጥብ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ማስለቀቂያ ይጠቅማል፤ በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ሳይደርቅ እያረጠቡ ያቆዩት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥበው ወዲያው በሙቅ አየር ያድርቁ። ኢፖክሲ ፕራይመር የአሲድ ቅሪት አይወድም። እዚያው የደረቀ አሲድ ፕራይመሩ እንዳይይዝ ያደርጋል።

የተራቆተ ብረት ሌሊት ማደር የለበትም፤ በዚያው ቀን ፕራይመር ይረፍበት። በባዶ እጅ የተነካ ብረት ላይ የጣት አሻራ በማግስቱ በዝገት ተስሎ ይገኛል።

የትኛው ፕራይመር ነው ክሮምን የሚይዘው?

ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ ፕራይመር። ጠርዙን አሳስተን ያዘጋጀነው ዕቃ ላይ ክሮም፣ ኒኬልና ብረት ጎን ለጎን አሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚይዘው እሱ ነው። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ተራ አንቲረስት ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠንከር ያለ ቲነር ያለው ቀለም ሲያርፍበት ይሸበሸባል።

አሲድ ያለበት ዋሽ ፕራይመር ባዶ ብረትና አሉሚኒየም ላይ መልካም ነው፤ ክሮምን ግን ነክሶ መያዝ አይችልም። ከሥር ዋሽ ፕራይመር ቀብቶ ከላይ ኢፖክሲ መደረብም አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ አይደረግም።

ማጠንከሪያውን በዓይን አይገምቱ። ለምሳሌ ቆርቆሮው 4 ለ 1 የሚል ከሆነ ለትንሽ ዕቃ 80 ሚሊ ሊትር ፕራይመር በ20 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ፣ በመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ለክተው ያደባልቁ። አንዳንዱ ከተደባለቀ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት ይፈልጋል፤ ያንን መዝለል የማይደርቅ፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ያመጣል። ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር አፍ ባለው ስፕሬይ ጋን መጀመሪያ ስስ ዙር፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቆ ሙሉ ዙር ይረጫል። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ያለ ማስክና ያለ አየር መውጫ አይረጭም። የላይኛው ቀለም ማጠንከሪያ ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ስላለበት ለአስም ሊዳርግ ይችላል፤ የጨርቅ ማስክ ለዚህ ምንም አያደርግም።

ስቱኮ ከፕራይመሩ በፊት ነው በኋላ?

በኋላ። በባትላሜራ ቤት ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) ባዶ ብረት ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ በ80 ለተፈገፈገ ንጹሕ ብረት ችግር የለውም። እዚህ ግን አካባቢው ሁሉ ኒኬልና ክሮም ስለሆነ የስቱኮው ጠርዝ አይይዝም። ኢፖክሲው በደንብ ከደረቀ በኋላ በ180 ጭረው ስስ ስቱኮ ይለጥፉ፣ አስተካክለው እንደገና አንድ ዙር ኢፖክሲ ይርጩበት። ፓራፋንጎ ስለሚንቀጠቀጥ ወፍራም ስቱኮ ይሰነጠቃል፤ ጭርምቱን በመዶሻና በድጋፍ ብረት አውጥተው ለስቱኮ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይተዉለት።

ሳንድብላስት ባስደርግስ?

ሳንድብላስት (በአየር ግፊት ብናኝ ረጭቶ መግፈፍ) ለፍሬም፣ ለመቆሚያና ለማርሚታ ድንቅ ነው። ለቀጭን ቆርቆሮ ግን የአሠሪውን እጅ ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ፓራፋንጎው ያብጣል፣ ያበጠው አይመለስም። ኒኬል ልልና ተለጣጭ ስለሆነ ብላስትን ይቋቋማል፤ «ሙሉ በሙሉ ይነሳልኝ» ማለት ዕቃውን መቅጣት ነው። ጤነኛው ሽፋን ደብዝዞ የታመመው ከተነሳ ይብቃ።

ተራ የወንዝ አሸዋ መጠቀም ክልክል መሆን አለበት፤ ብናኙ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ጋርኔት ይጠይቁ።

ክሮሙን ቤት ውስጥ በአሲድ ወይም በባትሪ ቻርጀር ላስነሳው?

በቻርጀርና በኮስቲክ ሶዳ የሚደረገውን ፈጽሞ አይሞክሩ። ውሃው ቢጫ ሲሆን ክሮሙ ሄክሳቫለንት ወደሚባለው ዓይነት ተለውጧል፤ ይህ ካንሰር አምጪ ነው፣ በጭጋጉ ይተነፈሳል፣ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ውሃና አፈር ይመርዛል። ይህ ሥራ ፍሳሹን የሚያጣራ የክሮም ነካሪ ቤት ሥራ ነው።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮሙን ያነሳል፤ ነገር ግን ጢሱ ሳንባን ያቃጥላል፣ በአካባቢው ያለውን መሣሪያ ሁሉ ያዝጋል። ከዚህ የከፋው የማይታየው ነው። ማኑብሪ ቧንቧ ውስጥ፣ የፓራፋንጎ እጥፋትና በነጥብ ብየዳ የተያዘ ማቀፊያ ሥር የገባ አሲድ ከወራት በኋላ ቀለሙን ውሃ ያስቋጥረዋል። ስፕሪንግ፣ አክስልና የጎማ ሽቦን የመሰለ ጠንካራ ብረት ደግሞ ከአሲዱ ሃይድሮጅን ስቦ ይሰባበራል፤ ያ የሚሰበረው መንገድ ላይ ነው።

በክረምት መቀባት ይቻላል?

ይቻላል፣ በጥንቃቄ። ዕቃው፣ ቀለሙና አየሩ አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ይሁኑ፤ ሌሊት ውጭ ያደረ ብረት ጠዋት ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ በዓይን የማይታይ ላብ ያልበዋል። የኮምፕሬሰሩን ውሃ ከሥር ያፍስሱ፣ ጋኑ አጠገብ የውሃ ማጣሪያ ይግጠሙ። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች መድረቁን ሊያቆም ስለሚችል በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ከቤት ውጭ ማሳደር አያዋጣም። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ግን አይታሰብ፤ የቲነር ጢስና ፍም አብረው አይኖሩም።

ማኑብሪና ቸርኬ ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

አዎ፣ ውፍረት። ማኑብሪው በማቀፊያው የሚታሰርበትን ቦታ በቴፕ ይሸፍኑ ወይም አንድ ስስ ዙር ብቻ ያሳርፉበት። ወፍራም ቀለም ሲጨመቅ ይፈርሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ማኑብሪው በእጅ ላይ ይዞራል። የጋዝ መያዣው የሚንሸራተትበት የቀኝ ጫፍም አይቀባ፤ ቀለም ካጠበበው ጋዙ ተነክሶ ይቀራል።

ቸርኬ ከነሽቦው አይሠራም፤ ይፈታል። የሽቦ ራሶቹ የሚቀመጡባቸው ቀዳዳዎች ላይ ቀለም ከወፈረ በጉዞ ይደቅና ሽቦዎቹ ይላላሉ፤ ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ሽቦው እንደገና ይጠበቅ። የፍሬን ከበሮው ውስጥ የፍሬን ጫማው የሚነካውን ቦታ ደህና አድርገው ይሸፍኑ።

ከቀባሁ በኋላ የኋላ መብራቱ አልበራም። ለምን?

ብዙ የድሮ ሞተሮች ላይ የመብራቱ ኔጋቲቭ የሚመለሰው በፓራፋንጎው ብረት በኩል ነው፤ ቀለሙ ዘጋው። አንድ የብሎን ቦታ ሥር ቀለሙን ፍቀው ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡ፣ ወይም ለኔጋቲቩ ለብቻው ሽቦ ይሳቡ። ሁለተኛው ይሻላል፤ የተፋቀው ቦታ የዝገት በር ነው።

ማርሚታውንም በዚሁ መንገድ?

አይሆንም። ኢፖክሲ የማርሚታን ሙቀት አይችልም፤ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። እስከ 600 ዲግሪ የሚችል ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ያለ ኢፖክሲ በስሱ ይረጫል፤ ከዚያ ሞተሩን በትንሽ በትንሹ እያሞቁና እያቀዘቀዙ ማብሰል ነው። ይህ ቀለም ክሮም ላይ አያያዙ ደካማ ስለሆነ ማርሚታን እስከ ብረቱ ብላስት ማስደረግ ይመከራል።

የፊት ሾክ ዘንጉም ክሮም ነው። እሱንስ?

አይነካም። የሱ ክሮም ለጌጥ ሳይሆን የዘይት ማኅተሙ እንዲንሸራተትበት የተነከረ ወፍራም ክሮም ነው። በወረቀት ከተጫረ ወይም ቀለም ካረፈበት ማኅተሙ ይቀደዳል፣ ዘይቱ ፍሬኑ ላይ ይፈሳል። ዘንጉ ከዛገ እንደገና ማስነከር ወይም መቀየር ነው።

ሁሉን አድርጌ ቀለሙ ተላጠ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ እንዴት ልወቅ?

የተላጠውን ቅርፊት ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ልሙጥ ከሆነና ከሥሩ ያለው ክሮም የሚያብረቀርቅ ከሆነ መፈግፈጉ አልበቃም። ጀርባው ላይ ስስ ብረት ተጣብቆ ከመጣ ቀለሙ ሥራውን ሠርቷል፤ የለቀቀው ኒኬሉ ራሱ ነው፣ ጠርዙ በደንብ አልተከተለም ማለት ነው። ቡናማ ብናኝ ካለበት ዝገት ተትቷል። ፕራይመሩ ብረቱ ላይ ቀርቶ የላይኛው ቀለም ብቻ ከተነሳ ፕራይመሩ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ቆይቶ ሳይጫር ተደርቦበታል።

ገና ሲረጭ ክብ ክብ ጉድጓድ ከሠራ ሲሊኮን ነው፤ ያቁሙ፣ ያድርቁ፣ ፈግፍገው እንደገና ያጽዱ። ውሃ የቋጠረ ከሆነ በመርፌ ይውጉት፤ ፈሳሽ ከወጣ የአሲድ ቅሪት፣ ጨው ወይም የብረቱ ላብ ከሥር ታፍኗል። በዚህ ጊዜ ቦታውን ብቻ መጠጋገን አይጠቅምም፤ የቋጠረው ሁሉ እስከ ብረቱ ወርዶ፣ ታጥቦና ደርቆ ከፕራይመር ይጀመራል። ኒኬሉ ከብረቱ ለቆ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ሙሉ በቴፕ ሳይፈትሹ አንድም ጠብታ ቀለም አያባክኑ።